የሸክላ ማጫወቻና የአምፕሊፋየር መደርደሪያ ጅማ ውስጥ መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሸክላ ማጫወቻ፣ አምፕሊፋየር ወይም ካሴት ማጫወቻ ያላቸው የከተማችን ሰዎች ስለ መደርደሪያ ሲጠይቁኝ ዓመታት አልፈዋል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ለራሴ ሦስት መደርደሪያ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ተበላሽቶብኛል፣ ሁለተኛው ወንድሜ ቤት አለ፣ ሦስተኛው እስከ ዛሬ ሳሎኔ ውስጥ ቆሟል። ከምጽፈው አብዛኛውን የተማርኩት ከተበላሸው ነው።

መደርደሪያ ድምፅ ይለውጣል የሚባለው እውነት ነው?

ሸክላ ማጫወቻ ካለዎት እውነት ነው፤ ከሌለዎት እምብዛም። የሸክላ መርፌ ሥራው ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ ነው። በሸክላው ቦይ ውስጥ የተቀረጸው መወዛወዝ አብዛኛውን ጊዜ ከአንዲት የራስ ፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው። መርፌው ታዲያ ከሸክላው የመጣውን ንዝረት ከወለሉ ከመጣው አይለይም። በር ሲዘጋ፣ ልጅ ሲሮጥ፣ ስፒከሩ ራሱ ሲጮህ የሚፈጠረውን ሁሉ አንብቦ ወደ አምፕሊፋየሩ ይልካል። ድምፁን ከፍ ሲያደርጉ እየጎላ የሚመጣው ጉርምርምታ መነሻው ይኸው ነው፦ ስፒከሩ መደርደሪያውን ያንቀጠቅጣል፣ መደርደሪያው መርፌውን፣ መርፌውም መልሶ ስፒከሩን፤ ዙሩ በተደጋገመ ቁጥር ጩኸቱ ያድጋል።

በትራንዚስተር የሚሠራ አምፕሊፋየርና ሬዲዮ ግን የተቀመጡበትን እንጨት አይሰሙም። ሲዲ ማጫወቻም የንባብ ስህተትን የሚያርምበት ስልት አብሮት ስለተሠራ ካልተመታ በቀር ችግር የለበትም። የቫልቭ (በሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ) አምፕሊፋየር ያለው ሰው ብቻ ትንሽ ይጠንቀቅ፤ ቫልቭ በጣት መታ ሲደረግ በስፒከሩ የሚሰማበት ጊዜ አለ። መደርደሪያ የሲዲ ማጫወቻን ድምፅ ያጣፍጣል የሚል ሻጭ ቢያጋጥምዎት አይመኑት። ገንዘብዎንም ጥንቃቄዎንም ሸክላ ማጫወቻው የሚያርፍበት የላይኛው መደብ ላይ ያውሉት። የቀሩት መደቦች ሥራቸው መሸከምና አየር ማሳለፍ ነው።

ልኩን ለአናጢው ምን ብዬ ልንገረው?

ቁጥር ብቻ ይዘው አይሂዱ። የሚቻል ከሆነ መሣሪያውን፣ ካልሆነም በልኩ የተቆረጠ ካርቶን ያሳዩት። አብዛኞቹ የድምፅ መሣሪያዎች ወርዳቸው 43 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ በቋሚዎቹ መካከል 50 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይበቃል። ሰው የሚሳሳተው ጥልቀቱ ላይ ነው። አምፕሊፋየሩ 35 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ከኋላ የሚሰኩት ገመዶች ሌላ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋሉ። ገመዱ ግድግዳ ላይ ተጫኖ ሲታጠፍ መሰኪያው ቀስ በቀስ ይላላል፣ ከዚያ በአንድ ወገን ብቻ ድምፅ መስማት ይጀምራሉ። 45 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መደብ ለአብዛኛው ሰው ይሆናል።

በመደብና በመደብ መካከል ለሲዲ ወይም ለካሴት ማጫወቻ 18፣ ለአምፕሊፋየር 28 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዉ። የላይኛው መደብ ከወለል 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ሸክላ ለመቀየርም ያመቻል፣ መደርደሪያውም አይወዛወዝም። የሸክላ ማጫወቻው ክዳን ሲከፈት ወደ ኋላ ስለሚወጣ ከግድግዳው የሚርቀውን ያህል ክዳኑን ከፍተው ይለኩ።

አንድ ነገር አስቀድመው ይንገሩት፦ ጀርባው ክፍት ይሁን። አናጢዎቻችን ቁም ሳጥንና የቴሌቪዥን ማስቀመጫ መሥራት ስለለመዱ ጀርባውን በኮምፖርሳቶ መዝጋት ሥራውን ማሳመር ይመስላቸዋል። የተዘጋ ጀርባ አምፕሊፋየሩን በራሱ ሙቀት ያፍነዋል።

ጅማ ውስጥ ከሚገኘው እንጨት የትኛው ይሻላል?

ዋንዛ፣ በኦሮምኛ ዋዴሳ የሚባለው፣ ለእኔ አንደኛ ነው። ለመጋዝና ለመላጊያ የተመቸ ነው፤ ከሁሉም በላይ አንድ ጊዜ በደንብ ከደረቀ ቅርጹን አይለቅም። ነገር ግን ዋንዛ፣ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በሕግ ሲከለከሉ የኖሩ ዛፎች ናቸው። ጣውላው ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነውር የለበትም። እኔ የምመርጠው መንገድ አሮጌ ዕቃ መግዛት ነው። የተጣለ የዋንዛ በር፣ የአልጋ ሳንቃ ወይም እግሩ የተሰበረ ጠረጴዛ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ቤት ውስጥ የደረቀ እንጨት ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ጣውላ በአዲስ ገንዘብ አይገኝም። የሦስተኛው መደርደሪያዬ የላይኛው መደብ የአሮጌ በር ሳንቃ ነው። የማጠፊያው ቀዳዳ አሁንም በጎኑ ይታያል፣ ሆን ብዬ አልደፈንኩትም።

ባሕር ዛፍ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ እርጥቡን ከሠሩበት ግን ያሳዝንዎታል። የመጀመሪያ መደርደሪያዬን ያሠራሁት በሐምሌ ወር ከተገዛ እርጥብ የባሕር ዛፍ ጣውላ ነበር። ጅማ ውስጥ በሐምሌ ምንም ነገር አይደርቅም፤ እኔ ግን ቸኩዬ ነበር። መስከረም ላይ አማረ። ታኅሣሥ ላይ ደረቁ ንፋስ ሲመጣ የላይኛው መደብ እንደ ተጠማዘዘ ቆዳ ሆነ። አንዱ ማዕዘን ከቋሚው ተነሥቶ በሥሩ ሳንቲም የሚያሳልፍ ክፍተት ተፈጠረ። የሸክላ ማጫወቻው ክንድ መርፌው ሳይወርድ በራሱ ወደ ውስጥ መንሸራተት ሲጀምር ነው ነገሩን ያየሁት። ሁለት ሳምንት ማጫወቻው የተበላሸ መስሎኝ ስፈታና ስገጥም ከረምኩ።

ጣውላ መድረቁን ለማወቅ ከዚያው እንጨት የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ይውሰዱና በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑት። ቁራጩን ከጣውላው ጋር አስቀምጠው በየሳምንቱ ክብደቱን ይጻፉ። መቀነሱን ሲያቆም ጣውላው ከቤትዎ አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው፤ ቁራጩ ትንሽ ስለሆነ ቀድሞ ይደርቃልና ከዚያም በኋላ ጥቂት ሳምንት ይታገሱ። እስከዚያ ድረስ ጣውላዎቹን ከመሬት አንሥተው፣ በመካከላቸው ቀጫጭን እንጨት እየጋደሙ፣ ጥላ ሥር ነፋስ በሚያገኛቸው ቦታ ይደርድሯቸው። ጫፋቸውን ቀለም መቀባት ከጫፍ የሚጀምረውን መሰንጠቅ ይቀንሳል።

ኤምዲኤፍ፣ ከላመ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ፣ ለመደብ መጥፎ አይደለም። ከባድ ነው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ ሲመቱት አይጮህም። ጠላቱ ውኃ ነው። በተቆረጠው ጠርዝ በኩል እርጥበት ገብቶ እንደ ዳቦ ያብጣል፤ ካበጠ አይመለስም። ስለዚህ ጠርዙን በውኃ በቀጠነ የእንጨት ኮላ ሁለት ጊዜ ቀብተው፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ቀለም ይቀቡት። ቺፕውድም እንደዚሁ ነው፤ ነገር ግን ብሎን የመያዝ አቅሙ ደካማ ነው።

የአናጢነት ሙያ የለኝም። ራሴ ልሠራው የምችለው ዓይነት አለ?

አለ፤ እንዲያውም በጣም የምወደው ዓይነት ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ፊሌቶ (የብሎን ጥርስ) የወጣላቸው አራት የብረት ዘንጎች፣ ሦስት ወይም አራት የኤምዲኤፍ መደቦች፣ ዳዶና ሮንዴላ፣ ሌላ ምንም አይፈልግም። ዘንጉ በአራቱ ማዕዘን በተበሱ ቀዳዳዎች ያልፋል። እያንዳንዱ መደብ ከላይና ከታች በሮንዴላና በዳዶ ይጠበቃል። ሙጫ የለም፣ ምስማር የለም። አዲስ መሣሪያ ቢገዙ ዳዶውን አላልተው መደቡን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋሉ።

የ12 ሚሊ ሜትር ዘንግ ይበቃል። የመደበኛው 12 ሚሊ ሜትር ፊሌቶ አንድ ሙሉ ዙር 1.75 ሚሊ ሜትር ስለሚጓዝ አንዱን ማዕዘን በሩብ ዙር ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ለማይሞላ ልክ ማንሣት ይችላሉ። የሸክላ ማጫወቻን በውኃ ልክ ለማስቀመጥ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። ዕቃው በጅማው መርካቶ ውስጥ ካሉት የብረታ ብረትና የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች ይገኛል። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ሱቁ ይጨናነቃል፤ ዳዶውን አንድ በአንድ ዘንጉ ላይ እያዞሩ መሞከር ስለሚኖርብዎት ሌላ ቀን ይሂዱ። ፊሌቶው የማይገጥም ዳዶ ከደርዘን ውስጥ አንድ ሁለት አይጠፋም። በሦስት መደብ ሃያ አራት ዳዶና ሃያ አራት ሮንዴላ ይገባል፤ ሦስት አራት ትርፍ ይያዙ።

የሚያበላሸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀዳዳው። መደቦቹን አንድ በአንድ ከበሱ ዘንጉ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ሁሉንም ደራርበው፣ ጠርዛቸውን አስተካክለው፣ በማሰሪያ አጥብቀው በአንድ ጊዜ ይብሷቸው። ከሥር የማይፈለግ ጣውላ ያድርጉ፤ አለበለዚያ ትራፓኖው ሲወጣ የመጨረሻውን መደብ ገጽ ይገነጥለዋል። ቀዳዳው 13 ሚሊ ሜትር ይሁን። በየመደቡ ፊት ለፊት በኩል በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ ሲገጣጥሙ ያ ምልክት ሁሉ ወደ አንድ ወገን ካልዞረ ዘንጉ አልገባም ይላል።

ብየዳ ቤት በቱቦላሬ ባሠራውስ?

ጠንካራ ይሆናል፤ ግን ባዶ ቱቦላሬ ደወል ነው። በጣት ሲመቱት የሚሰሙትን መርፌውም ይሰማዋል። መፍትሔው ቋሚዎቹን በአሸዋ መሙላት ነው። አሸዋውን በወንፊት ይንፉት፣ ከዚያ በብረት ምጣድ ላይ እያገላበጡ ጭሱ (እንፋሎቱ ማለቴ ነው) እስኪጠፋ ያድርቁት። እርጥብ አሸዋ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። ቀዝቅዞ ሲሞላ ቱቦላሬውን በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ ይምቱ፤ አሸዋው እየሰመጠ ቦታ ይለቃል፣ ድምፁም ከ"ቅጭል" ወደ "ዱብ" ሲለወጥ በጆሮዎ ይሰሙታል። አፉን ያስበይዱት ወይም በእንጨት ውታፍና በኮላ ይድፈኑት። ብየዳው ከመጠናቀቁ በፊት አራቱ እግሮች እኩል መቆማቸውን ሲሚንቶ ወለል ላይ አስቁመው ይዩ፤ ብረት ሲበየድ ይጎተታል።

መደቡ በክብደት እንዳይጎብጥ ምን ላድርግ?

ውፍረቱን ይጨምሩ። የመደብ ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን የመጉበጥ መቋቋሙ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ሁለት ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ በኮላ አጣብቀው ሌሊቱን ከባድ ነገር ጭነው ቢያሳድሩት 36 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ አምፕሊፋየር ቢቀመጥበት የማይነቃነቅ መደብ ያገኛሉ። ለሲዲ ማጫወቻ አንዱ ብቻ ይበቃል።

እግሩ ሦስት ይሁን አራት?

የጅማ ልጅ ለዚህ መልስ አያጣም። ባለ ሦስት እግር በርጩማችን ወለሉ ጎርበጥባጣ ቢሆንም የማይነቃነቀው ሦስት ነጥብ ምንጊዜም በአንድ ገጽ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ለሸክላ ማጫወቻ ብቻ የሚሆን ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ከሆነ ሦስት እግር ያድርጉት። ብዙ መደብ ያለው ከሆነ ግን ባለ ሦስት እግሩ ማዕዘኑ ላይ ሲደገፉበት ይገለበጣል፣ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት። ያኔ አራት አድርገው ከየእግሩ ሥር ከፍታው የሚስተካከል ብሎን ያስገቡ።

ወለሌ የእንጨት ነው፤ ሰው ሲራመድ መርፌው ይዘላል። ቤቴ ደግሞ የጭቃ ቤት ነው። ግድግዳ ላይ መስቀል ይቻላል?

ይቻላል፤ ለእንዲህ ያለ ወለልም ትክክለኛው መፍትሔ እሱ ነው። ግድግዳው ከእግር ኮቴ ጋር አይዘልም። ጭቃው ግን ፊሸር (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዘውን ፕላስቲክ) አይዝም፤ የሚይዘው በውስጡ ያለው ቋሚ ነው። ቋሚውን ለማግኘት ግድግዳውን በጣት አንጓ እየመቱ ወደ ጎን ይሂዱ። ጭቃው ብቻ ያለበት ቦታ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፣ ቋሚው ጋ ሲደርሱ ድምፁ ይጠነክራል። እርግጠኛ ለመሆን ቀጭን ምስማር ይምቱበት፤ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር በቀላሉ ገብቶ ከዚያ እምቢ ካለ እንጨቱን አግኝተዋል። በትራፓኖ ሲበሱት የሚወጣው ዱቄት ንጹሕና ደረቅ መሆኑን ይመልከቱ። አፈር የተቀላቀለበት ልል ብናኝ ከወጣ ቋሚውን ምስጥ በልቶታል፤ ወደ ሌላው ይሂዱ።

ቋሚዎቹ መደቡ በሚፈልግበት ርቀት ላይ አይገኙም። ስለዚህ መጀመሪያ ወፍራም ጣውላ በአግድም ቢያንስ በሁለት ቋሚዎች ላይ በ10 ሴንቲ ሜትር ብሎን ያጥብቁ፣ መደቡን የሚሸከሙትን ክንዶች በዚያ ላይ ይግጠሙ። በር የተገጠመበትን ግድግዳ ይተዉት። በዚህ መደብ ላይ ሸክላ ማጫወቻው ብቻ ይቀመጥ፤ አምፕሊፋየሩ ወለሉ ላይ ባለ መደርደሪያ ይሁን።

ግድግዳው የማይሆን ከሆነ ሌላ ዘዴ አለ። የሕፃን ብስክሌት ከመነዳሪ (የጎማውን የውስጥ ቱቦ) በሁለት ሳንቃዎች መካከል አስገብተው ላይኛው ሳንቃ እስኪንሳፈፍ ብቻ ጥቂት ይንፉት። አየሩ ንዝረቱን ይውጠዋል። በየሁለት ሳምንቱ መንፋትና በውኃ ልክ ማስተካከል ግን አይቀርም።

የቱ ከላይ፣ የቱ ከታች?

ሸክላ ማጫወቻው ከላይ፣ አምፕሊፋየሩ ከታች፣ የቀሩት በመካከል። ክብደቱ ከታች ሲሆን መደርደሪያው ይረጋል። ሌላም ምክንያት አለ፦ አምፕሊፋየር ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ዙሪያው የ50 ኸርዝ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ መርፌውን የያዘው ካርትሪጅ ውስጥ ያለው ጥቅልል ሽቦ ያንን ይይዝና "እምምም" የሚል ድምፅ ያሰማል። መብራቱ ስለሚዋዥቅ ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ስታቢላይዘርም ትራንስፎርመር ነው፤ እሱን ከመደርደሪያው አውጥተው ወለል ላይ፣ ከሸክላ ማጫወቻው ቢያንስ አንድ ሜትር ያርቁት። ሸክላው ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርገው ስታቢላይዘሩን ቢያንቀሳቅሱት ልዩነቱን ወዲያው ይሰማሉ። ከሸክላ ማጫወቻው የሚወጣችውን ቀጭን የመሬት ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ካለው ብሎን ጋር ማሰር አይርሱ። የመብራት ገመዱ በአንድ ወገን፣ የድምፅ ገመዱ በሌላው ወገን ይውረድ።

የቫልቭ አምፕሊፋየር ከሆነ ግን በላዩ ምንም መደብ አይኑር፤ ለብቻው ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ይሠራለት።

ስፒከሮቹን እዚያው ላይ ባስቀምጥስ?

አያስቀምጡ። ከላይ የተጻፈው ጥንቃቄ ሁሉ ዋጋ ያጣል።

ሸክላዎቹንስ?

ከታችኛው መደብ ላይ፣ ቀጥ ብለው ቆመው። ተደራርበው ከተኙ ይጣመማሉ። መቶ ትላልቅ ሸክላ ከነሽፋኑ 25 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን መደቡ ወፍራም ይሁን፣ ከፍታውም 34 ሴንቲ ሜትር ያህል። በ1960ዎቹ በአምኃ ሪከርድስና በካይፋ ሪከርድስ የታተሙትን ዓይነት ትናንሽ 45 ዙር ሸክላዎች ያላችሁ ደግሞ ለእነሱ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የተለየ ክፍል አሠሩላቸው፤ ከትላልቆቹ መካከል ሲገቡ ወደ ኋላ ሾልከው ይጠፋሉ፣ ሽፋናቸውም ይቀደዳል። እነዚያ ሸክላዎች ምትክ የላቸውም።

ዳንቴል ማልበስ፣ ቡና ማፍላት፣ ዕጣን ማጨስስ?

እናቴ የሠራችው ዳንቴል መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ ነገር ግን አምፕሊፋየሩ ሲከፈት ይነሣል። አየር የሚወጣበትን ቀዳዳ የሸፈነ ጨርቅ አምፕሊፋየሩን ያቃጥለዋል። የዕጣን ጭስ ደግሞ ሙጫ አለው፤ መርፌውና ሸክላው ላይ ያርፍና አቧራውን ያጣብቀዋል። የቡናው ረከቦት ከመደርደሪያው ተቃራኒ ወገን ይሁን፣ ዕጣኑ እስኪያልፍ የማጫወቻው ክዳን ይዘጋ። በክረምት መደርደሪያውን ከውጭው ግድግዳ አንድ እጅ ያህል ያርቁት፤ በየሁለት ሦስት ቀኑም መሣሪያዎቹን ለአንድ ሰዓት ያህል ይክፈቷቸው። የራሳቸው ሙቀት እርጥበቱን ያወጣዋል። ነጎድጓድ ሲጀምር ግን ከመብራት ይንቀሉ።

ሥራው በትክክል መሠራቱን በምን አውቃለሁ?

መጀመሪያ ውኃ ልክ ሸክላው በሚያርፍበት ክብ ሳህን ላይ ያድርጉ፤ አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ከፊት ወደ ኋላ። ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ ሸክላው ሳይዞር መርፌውን ቀስ አድርገው ቦዩ ላይ ያሳርፉ። የአምፕሊፋየሩ ድምፅ ዘወትር ከሚሰሙበት አይበልጥ። አሁን በጣትዎ ጫፍ የላይኛውን መደብ፣ ቀጥሎ ቋሚውን፣ ቀጥሎ የታችኛውን መደብ መታ መታ ያድርጉ፤ ሌላ ሰው ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ይራመድ። በስፒከሩ የሚሰማው አጭርና የታፈነ ከሆነ ጥሩ ነው። እየጮኸ የሚቆይ ከሆነ የላላ ዳዶ ወይም ባዶ ቱቦ አለ። የት እንዳለ ለማወቅ አንድ እጅዎን በየቋሚው ላይ እያሳረፉ በሌላው ይምቱ፤ የያዙት ቋሚ ላይ ጩኸቱ ሲቆረጥ ቦታውን አግኝተዋል። ያንን ያጥብቁ፣ መርፌውን ያንሡ፣ ውኃ ልኩን እንደገና ይመልከቱ፣ ሞተሩንም ያስነሡ።